መብራቱ ሄዷል

አምቦ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአክስቴ ለአዳዳ ሽታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ከነቤትዎ፣ ከነክሊኒክዎ፣ ከእነዚያ ከማያልቁት በሽተኞችዎ ጋር ይብዛልዎት። እኔ ልጅዎ ቀንዓ ካቺሲን ከለቀቅሁ ወዲህ ደህና ነኝ። የጎደለኝ የእርስዎ ቁጣ ብቻ ነው።

ሥልጠናው ተጀምሯል። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ትሆናላችሁ ሲሉን፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምሩን መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩን ግን ጉድጓድ መቆፈር ነው። አዳዳ፣ ለዚህ ለዚህማ ካቺሲም መሬት ነበረ! ቆፍረን ስንጨርስ ደግሞ ረጅሙን የባሕር ዛፍ ምሰሶ በገመድና በትከሻ እያቆምን ሰነበትን። አሁን ገና መውጣት ጀመርን። በጫማችን ላይ ጥርስ ያለው ብረት እናስራለን፤ እሱን ምሰሶው ላይ እየተከልን እንደ ድመት እንወጣለን። ወገባችንን የሚይዘን ሰፊ የቆዳ ቀበቶ አለ።

አሠልጣኛችን ኦቦ ሆርዶፋ ይባላሉ፤ የጉደር ሰው ናቸው። ትንሽ ነው የሚናገሩት፣ የሚናገሩትም ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ነው። ከሁሉም ጋር ተግባብቻለሁ። በተለይ ነገራ የሚባል የእንጭኒ ልጅ አለ፤ ሲስቅ ምሰሶው ይነቃነቃል።

ለጎረቤታችን ለጉዴና ለልጇ ለተሬፋ ሰላምታ ያድርሱልኝ። ተሬፋን ያለ እሱ ጨዋታ እንደማይጥመኝ ይንገሩልኝ። የሚመጣ ሰው ካገኙ ደግሞ ቆሎ ይላኩልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ጥርስ ይሰብራል።

አክባሪ ልጅዎ ቀንዓ

---

ካቺሲ፣ ኅዳር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጉድጓድ ቆፋሪው ለቀንዓ፤

ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤህ ከብት ሊሸጥ ወደ ጌዶ በሄደ ሰው በኩል ዞሮ ዞሮ ደረሰኝ፤ ላብ ላብ ይሸታል። ቆሎውን በዚሁ ሰው ልኬልሃለሁ። ብቻህን እንዳትበላው፣ ለዚያ ለሚስቀው ልጅ አካፍለው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ድሬሰርነት ለመማር አምቦ ተቀምጬ በነበረበት ጊዜ፣ በመስኮቴ ትይዩ ሽቦ ላይ ወፎች ተደርድረው ያድሩ ነበር። ሽቦው ሰው ይገድላል ይሉናል፤ ወፎቹ ግን ጠዋት ላባቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። ለምንድን ነው የማይሞቱት? መምህራችንን ብጠይቅ "ወፍ ቀላል ስለሆነች ነው" አለኝ። ያን ጊዜም አላመንኩትም፣ አሁንም አላምነውም። አሠልጣኝህን ጠይቅልኝ።

ሌላም አለኝ። የክትባቱ ፍሪጃችን የሚሠራው በላምባ መሆኑን ታውቃለህ። ከታች እሳት ይነዳል፣ ከላይ በረዶ ይጋገራል። እሳት እንዴት በረዶ ይሠራል? በየጠዋቱ ከፍቼ ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል። ይህንን ያስረዳኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው በቤታችን ከተገኘ ተስፋ አለኝ።

ስለ ቀበቶውና ስለ ብረቱ ጽፈህልኛል። ስለ ፍርሃት ግን አንድም ቃል የለም። የአባትህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ዛፍ ላይ ወጥተህ መውረድ አቅቶህ ስታለቅስ ያወረድኩህ እኔ ነኝ። እንደሱ አይነቱን ደብቀህ አትጻፍልኝ።

አዳዳህ ሽታዬ

---

አምቦ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? የቆሎው ነገር ተሳክቷል፤ ነገራ ከእኔ በላይ በልቶታል፣ "አክስትህ ይባረኩ" ብሏል።

የወፎቹን ጥያቄ ለኦቦ ሆርዶፋ አቀረብኩላቸው። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። "አንተ ተመለስና አክስትህ ትምጣልን" አሉኝ። ከዚያ እንዲህ አስረዱኝ፦ ኤሌክትሪክ መውጫ የሌለው ቤት አይገባም። ወፏ የያዘችው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ በእሷ አልፎ የሚደርስበት ስለሌለ ትቷት ያልፋል። ሁለት ሽቦ፣ ወይም ሽቦና መሬትን ያገናኘች ቀን ግን አበቃላት። እኔም "ታዲያ ሰው ዘሎ በአየር ላይ ሆኖ ቢነካውስ?" አልኳቸው። "ዘሎ የሚሠራ ሠራተኛ ካገኘህ ዛሬውኑ አምጣልኝ" አሉ። የፍሪጁን ነገር ግን እሳቸውም አያውቁትም። እንዲያውም ሲያስቡበት ዋሉ።

እኚህ ሰው አንድ የማይተዉት ልማድ አላቸው። መብራቱ ተቆርጧል ቢባሉ፣ ቢማልላቸውም፣ ማንም ሽቦ ከመንካቱ በፊት ጫፉ መሬት ውስጥ የተቀበረ ሰንሰለት ሽቦው ላይ ይወረውራሉ። ሰንሰለቱ ዝም ካለ ያሠሩናል። ሽማግሌ ስለሆኑ ነው እያልን እንስቃለን።

የእኔን ሞኝነት ደግሞ ልንገርዎት። ሽቦው የሚያርፍበትን ነጭ ሸክላ ሠራተኛው "ስኒ" ነው የሚለው። እኔ መች አውቄ! ነገራ ከላይ ሆኖ "ቀንዓ፣ ስኒ አምጣ!" ሲለኝ፣ ቡና አማረው ብዬ ወደ ሻይ ቤት ሮጥኩ። ስኒ ከነማስቀመጫው ይዤ ስመለስ ነገራ በሳቅ ከላይ ሊወድቅ ነበር።

ስለ ፍርሃት ጠይቀውኝ የለ? መውጣቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ቀበቶውን አስሮ እጅ መልቀቅ ነው። ምሰሶውን ያቀፈ ሰው ሥራ አይሠራም፤ ወደ ኋላ ተለጥጦ ቀበቶው ላይ መደገፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀን እጄን ስለቅ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ግን ጉደር ገበያ ከእግሬ ሥር ተዘርግቶ አየሁ። አዳዳ፣ ሰው ከላይ ሲያዩት ባርኔጣና ጃንጥላ ብቻ ነው። ደግሞ በየሰው ጓሮ ያለው ሁሉ ይታያል፤ ማን በርበሬ እንዳሰጣ፣ ማን ከሚስቱ ተደብቆ እንደሚያጨስ ሁሉ አወቅሁ። ካሁን በኋላ መሬት ላይ መዋል የሚቻለኝ አይመስለኝም።

ለፋሲካ ፈቃድ ስለሚሰጠን እመጣለሁ። ዶሮ ያደልቡልኝ።

ልጅዎ ቀንዓ

---

ካቺሲ፣ የካቲት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለቀንዓ፤

ሰላምህ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ።

ለፋሲካ አትምጣ። መንገዱ ጥሩ አይደለም።

ተሬፋ ሄዷል። ጉዴ ሰላም ትልሃለች።

አንድ ነገር አድርግልኝ። በሥልጠና ላይ መሆንህን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከአለቆችህ ተቀብለህ ላክልኝ። ለቀበሌው የማሳየው ነው። ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ የምጠይቅህ ዛሬ የለኝም።

አዳዳህ ሽታዬ

---

አምቦ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

በየካቲት መንገዱ ጥሩ አይደለም ማለትዎ አልገባኝም። አቧራ ካልሆነ በቀር በጋ ላይ ምን አለው? የማልፈለግ ከሆነ ግን አልመጣም፤ ፋሲካን እዚሁ ከነገራ ጋር እውላለሁ። አስቀይሜዎት ከሆነ ይንገሩኝ።

የተሬፋ መሄድ ደስ አሰኝቶኛል። ነቀምቴ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ሥራ እገባለሁ እያለ ስንት ዘመን አሰለቸኝ! ይኸው ቆረጠለት ማለት ነው። ጉዴን እንኳን ደስ አለዎት ይበሉልኝ፤ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል እኔን እንዳይረሳኝ ይንገሩልኝ።

ወረቀቱን ጠይቄ ነበር። የሚሰጠው ሥልጠናውን ላለፈ ብቻ ነው አሉኝ። ስለዚህ ይቆይ።

እኔ አሁን የማግዘው ዕቃ ቤት ነው። ብሎኖቹን በየዓይነታቸው እለያለሁ፣ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ የተሰነጠቁትን ስኒዎች ከደህናዎቹ አወጣለሁ። የተሰነጠቀ ስኒ በጣት መታ ሲያደርጉት ድምፁ ይታፈናል፣ ደህናው ይጮኻል። ዕቃ ቤቱ ጥሩ ጥላ አለው።

ልጅዎ ቀንዓ

---

ካቺሲ፣ ግንቦት 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለቀንዓ፤

ጌታ ከአንተ ጋር ይሁን።

ደብዳቤህን አነበብኩት፣ አስቀምጬው እንደገና አነበብኩት። ድሮ ከላይ ሆነህ ነበር የምትጽፍልኝ። ገበያ ታያለህ፣ የሰው ጓሮ ታያለህ፣ ትስቃለህ። አሁን መሬት ላይ ተቀምጠህ ብሎን ትቆጥርልኛለህ። መሬት ላይ መዋል አይቻለኝም ያለው ልጅ፣ ዕቃ ቤቱ ጥሩ ጥላ አለው ይለኛል!

ወድቀሃል? ሰው ወድቋል? ተጣልተሃል? እኔ እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ በሽተኛው ደህና ነኝ ሲለኝ አፉን ትቼ እጁን አያለሁ። ያንተን እጅ ከዚህ ሆኜ ማየት ስለማልችል ጻፈው። ምንም ይሁን ምን ከእኔ የምታገኘው ቁጣ ነው፤ ቁጣዬ ደግሞ ናፍቆኛል ብለህ ነበር።

አላስቀየምከኝም። እንደሱ ብለህ እንዳታስብ። መልእክትህን ግን ለጉዴ አላደረስኩላትም፤ ለምን አትበለኝ።

አዳዳህ ሽታዬ

---

አምቦ፣ ሰኔ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳዬ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እውነቱን እጽፋለሁ።

በጥር መጨረሻ ጉደር ላይ ስንሠራ የመገናኛ ሬዲዮውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ነገራ ምሰሶው ላይ ነው። አምቦ ጣቢያ ተቀምጠው መስመሩን የሚቆርጡትና የሚለቁት አቶ ደግፌ የሚባሉ ሰው ናቸው። ጠዋት አስቆርጠን ሠርተን ነበር፤ የጨረስን መስሏቸው ኖሯል። እኔ ይህን አላወቅሁም። "ጣቢያ፣ መብራቱ እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ሄዷል፣ ሄዷል" አሉኝ።

አምቦ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ "መብራት ሄደ" ነው የሚለው። እኔም ይህን አነጋገር የተማርኩት እዚሁ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ለነገራ በኦሮምኛ "ኢብሳን በዴራ!" አልኩት። ጠፍቷል ማለቴ ነው። አዳዳ፣ አቶ ደግፌ ግን ወደ እናንተ ሄዷል፣ ልኬላችኋለሁ ማለታቸው ነበር። በአማርኛ ሁለቱንም ይሆናል፤ በኦሮምኛ ስለውጠው አንዱ ብቻ ቀረ፣ እሱም የተሳሳተው። እንዲያው በአማርኛ እንዳለ ባስተላልፈው ነገራ ራሱ "ወዴት?" ብሎ ይጠይቅ ነበር ይሆናል።

ነገራ እጁን ዘረጋ። ኦቦ ሆርዶፋ "ቱሪ! ቆይ!" ብለው ጮኹና ያንን ሰንሰለታቸውን ወረወሩ። እንደ መድፍ ጮኸ። ሰማያዊ እሳት ዓይናችንን አጠፋው። ሰንሰለቱ ጠቁሮ መሬት ላይ ተጥመለመለ፣ አምቦ በሙሉ መብራት አጣች። ነገራ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ሰንሰለቱን ቁልቁል አየ። ከዚያ ሳቀ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅሁም።

አቶ ደግፌ መጥተው "ሄዷል ብያለሁ እኮ! ባይሄድ ሄዷል እላለሁ?" እያሉ ተከራከሩ። እኔም "ሄዷል ስላሉኝ ነው" አልኩ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ ነገራ ግን ሊሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ሆርዶፋ ሄደ የሚለውን ቃል ከለከሉ። ሽቦው ወይ "ሞቷል" ነው፣ ወይ "አለ" ነው። በገበያ ቀን ነገራ ከላይ ሆኖ "ሞቷል ወይ?" ሲል፣ ከታች "ሞቷል! ሞቷል!" ብለን ስንመልስ፣ የጉደር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማን ነው የሞተው ብለው መጡብን።

ማንም አልቀጣኝም። በማግስቱ ልወጣ ስል ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ግማሽ ላይ ስደርስ ምሰሶውን አቅፌ ቀረሁ፤ እጄ አይለቅም። ዕቃ ቤት እንድገባ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። ኦቦ ሆርዶፋ ፈቀዱልኝና "ሰኔ መጨረሻ ላይ ፈተና አለ፤ ያን ቀን ከወጣህ ሠራተኛ ነህ፣ ካልወጣህ ግን ልረዳህ አልችልም" አሉኝ።

እኔ ግን በቅቶኛል። የሰው ነፍስ በአንድ ቃል የሚጠፋበት ሥራ ለእኔ አይሆንም። ምናልባት ልፈተን እችላለሁ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት መኪና ካገኘሁ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ። የአባቴን መሬት አርሳለሁ። ክረምቱ ሳይጠነክር ብደርስ ደስ ይለኛል። እባክዎ አትምጣ እንዳይሉኝ።

ልጅዎ ቀንዓ

---

ካቺሲ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለቀንዓ፤

ጌታ ይመስገን። ጌታ ይመስገን። ሌላ ሰላምታ ዛሬ አልመጣልኝም።

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሚሰጥህ የክትባት መድኃኒት የሚያመላልሰው ሾፌር ቱፋ ነው። ከየካቲት ወዲህ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በቀበሌው ጸሐፊ እጅ ነበር የሚያልፉት፤ የዛሬው አያልፍም። ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፍልሃለሁ።

አንተ ሁለት ፍቺ ባለው ቃል ተጎዳሁ ብለህ አጫወትከኝ። እኔም በዚያው ቃል ጎድቼሃለሁ። ተሬፋ ሄዷል ስልህ ነቀምቴ ማለቴ አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከገበያ ሲመለስ ነው የያዙት፤ ለእናቱ የገዛውን ጨው ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። አንተ "እንኳን ደስ አለዎት ይበሉልኝ" ብለህ ጻፍክ። ጉዴ ደብዳቤህ መምጣቱን ሰምታ "ቀንዓ ስለ ልጄ ምን አለ?" ብላ መጣች። እየጸለየ ነው አልኳት። ዋሽቼአለሁ፤ ከእንግዲህ እውነት አድርግልኝ።

ያን ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተው አንተንም ጠይቀዋል። አምቦ ሙያ ይማራል አልኳቸው። "እንግዲያስ ወረቀት ይምጣ፣ ካልመጣ በሚቀጥለው ዙር እንወስደዋለን" አሉ። ለፋሲካ አትምጣ ያልኩህ ለዚህ ነው። ዶሮው ደልቦ ነበር። ሳላርደው ሸጥኩት።

እኔ ቃል ሲምታታ ምን እንደሚያደርግ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ክሊኒክ ውስጥ "መድኃኒቱ አልቋል" ከተባልኩ፣ በሽተኛው ጨርሶ ዋጠው ነው ወይስ ከመደርደሪያው ጠፋ ብዬ ሳልጠይቅ አልንቀሳቀስም። ለገዛ ልጄ ስጽፍ ግን ረሳሁት። ፍርሃት ያስረሳል።

እመጣለሁ የሚለው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ፣ መልሱ ሳይደርስህ ልትነሳ ትችላለህ ብዬ ሰጋሁ። ደግሞስ ምን ብዬ እጽፋለሁ? ቱፋ በማግስቱ ወደ አምቦ ሊወርድ ነበር፤ የክትባት ሳጥኑን አቅፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጭቃው ይዞን አደርን። አምቦ ስንገባ ልጆቹ ጉደር ለፈተና ወጥተዋል አሉን። እግዚአብሔር ሲያደርገው ቱፋ እዚያ የሚያደርሰው ዕቃ ነበረው።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ወረድኩ። ሰው ተሰብስቦ ወደ ላይ ያያል። እኔም ቀና አልኩ። አንተ ነህ።

ግማሽ ላይ ቆመህ ነበር። ምሰሶውን አቅፈሃል፣ ጉንጭህ እንጨቱ ላይ ነው። ታች የቆመው ያ ልጅ፣ ነገራ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት፣ እንደ ሌሎቹ አይስቅም ነበር። "አለሁ፣ ቀስ በል" ይልሃል በኦሮምኛ። አሠልጣኝህ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። እኔ ልጠራህ አፌን ከፈትኩ። ትንሽ ሳለህ ከዛፍ ላይ እንዳወረድኩህ ላወርድህ ፈለግሁ። ብታውቀው ስንት ጊዜ "በቃ ውረድ" ልል ነበር! ግን ብትወርድ የምትወርደው ወዴት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

ከዚያ አንዱን እግርህን ነቅለህ ከፍ አድርገህ ተከልከው። ሌላውንም። ላይኛው ጫፍ ስትደርስ ቀበቶህን አሰርክ፣ ቆየህ፣ ቆየህ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተደገፍክና ሁለቱንም እጅህን ለቀቅክ። እኔ አጠገቤ የቆመችውን የማላውቃትን ሴት ክንዷን ይዤ ጨምቄ አሳመምኳት። "ልጅሽ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷም ቀና ብላ አየችህና "ምን ይሠራል እዚያ?" አለችኝ። ልነግራት ጀመርኩ፣ ለቅሶ ቀደመኝ።

ኦቦ ሆርዶፋን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው "የወፎቹ አክስት!" አሉኝ። ልጁ አልፏል፣ ወረቀቱን በዚህ ሳምንት አሰጠዋለሁ አሉ። መጥቼ እንደነበር እንዳይነግሩህ አስማልኳቸው። ስለዚህ አታኩርፋቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀቱን ለቱፋ ስጠው፤ ሌላ ሰው እጅ እንዳትሰጠው።

ስትወርድ አይቼሃለሁ። ነገራ ጀርባህን እየደበደበ አቀፈህ። ጠቁረሃል፣ ቀጥነሃል፣ ትከሻህ ግን እንደ አባትህ ሰፍቷል። በወፍጮ ቤቱ ጥግ ከዱቄት ጆንያዎች ኋላ ቆሜ ነበር፤ ውሃ ልትጠጣ በአጠገቤ ስታልፍ ብዘረጋ እጄ ይደርስብህ ነበር። እንደዚያን ቀን ሰው አቅፌ ለመሳም ፈልጌ አላውቅም። ግን አውቅሃለሁ። ብታየኝ ጓዝህን ይዘህ ከእኔ ጋር መኪናው ላይ ትወጣ ነበር፣ እኔም ተመለስ ለማለት አንጀቴ አይችልም ነበር። ስለዚህ ውሃህን ጠጥተህ እስክትመለስ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።

አዳዳህ ሽታዬ